ውዳሴ ለሶዳንኪላ፣ በሰኔ ለማይመሽባት

ሰላም ለኪ፣ ሶዳንኪላ! ሰላም ለኪ፣ የሰሜን እንግዳ ተቀባይ! ጥድና በርች እንደ ሚዜ ግራና ቀኝ የቆሙልሽ፣ የኪቲነን ወንዝ እንደ መቀነት የዞረሽ፣ ቅጥር የሌለሽ፣ ደጅሽ ሳይንኳኳ የሚከፈት! ያገራችን ሊቃውንት ቅዱሳንን ሲያወድሱ መልክዕ ይደርሱላቸዋል፤ ከራስ ጠጉር ጀምረው እስከ እግር ጥፍር በየአካሉ ሰላም እያሉ ይወርዳሉ። ለመንደር መልክዕ መድረስ አልተለመደም። ነገር ግን አንዲት መንደር ለሰው ልጅ ያደረገችው ደግነት ሲበዛ ዝም ብሎ ማለፍ ንፉግነት ነውና፣ እኔም ከዐይንሽ ጀምሬ እስከ እግርሽ ልውረድ።

ሰላም ለዐይንሽ፣ በሰኔ ለማይከደነው።

ይህች ሶዳንኪላ በፊንላንድ ላፕላንድ፣ ከአርክቲክ ክበብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ገባ ብላ ትገኛለች። ከሄልሲንኪ የሚነሣ መንገደኛ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቀዋል፤ ሮቫኒየሚ ላይ ከባቡር ወርዶ የቀረውን በአውቶቡስ ደን ለደን ይጓዛል። የወረዳዋ ስፋት ከ12 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ አዲስ አበባን የመሰለ ከተማ ሃያ ጊዜ ውጦ ገና ቦታ ይተርፈዋል። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ የሚኖረው ሕዝብ ግን 8 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ደን፣ ረግረግ፣ ወንዝና አጋዘን ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሰዓታችንን የምንቆጥረው ፀሐይን ይዘን ነው። ወጥታ ከፍ ስትል አንድ እንላለን፤ ጠልቃ ሲጨልምም ደግመን ከአንድ እንጀምራለን። ቀናችንና ሌሊታችን እንደ ወንድማማቾች እኩል ተካፍለው የሚኖሩ ናቸው። እንግዲህ ከእኛ አንዱ በሰኔ ሶዳንኪላ ቢደርስ ምን ብሎ ይቆጥራል? ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ወር ተኩል ያህል ፀሐይ አትጠልቅም። ወደ ሰሜን ዝቅ ትላለች፣ የጥዶቹን ጫፍ ትነካለች፣ እንደገና ትነሣለች። በእኛ አገር ገበሬው ደመናውን አይቶ ሞፈርና ቀንበሩን በሚያዘጋጅበት በዚያው ሰሞን፣ በዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ሕፃናት ውጭ ይጫወታሉ። ታኅሣሥ ሲመጣ ዕዳው ይከፈላል። ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ።

ሲኒማ የጨለማ ልጅ ነው። መብራት ካልጠፋ አይወለድም። እና ከምድር ሁሉ መንደሮች መካከል፣ ጨለማ በጠፋባት በዚያች ወቅት፣ ይህንን የጨለማ ልጅ በጉዲፈቻ አንሥታ ያሳደገችው ይህች የብርሃን መንደር ናት። እንዴት ሆነ?

ሰላም ለግንባርሽ፣ እሳት አልፎበት ላልጠቆረው።

ስምሽ በአገሬው ቋንቋ ሲነበብ «የጦርነት መንደር» የሚል ድምፅ አለው። ስሙ ከየት እንደ መጣ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ አንድ ዘመን ግን ስሙን በእሳት ጽፎብሻል። በ1944 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፊንላንድ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተኩስ አቁም ስትዋዋል፣ በሰሜን ሰፍሮ የነበረው የጀርመን ጦር ወደ ኖርዌይ ሲያፈገፍግ የላፕላንድን ከተሞችና መንደሮች እያቃጠለ ሄደ። ሕዝቡ ከብቱን እየነዳ ተሰደደ፤ እኩሌታው ወደ ስዊድን ተሻገረ። ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው ጭስ ማውጫና አመድ ነበር። ሶዳንኪላም ነደደች። ከዚያ ሁሉ እሳት ግን በ1689፣ ፊንላንድ በስዊድን ንጉሥ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከጥድ ግንድ የታነጸችው ትንሿ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ተረፈች። ዛሬም ከአገሪቱ ጥንታዊ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ሆና እዚያው ቆማለች። ከእርሷ ሌላ በመንደሪቱ ውስጥ የሚታየው ቤት አብዛኛው ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ፣ ያላጌጠ፣ ለብርድ እንጂ ለዐይን ያልታነጸ ነው። ለጎብኚ የሚሸጥ ውበት አልነበራትም። ይህን የምለው ላሳንሳት አይደለም፤ የክብሯ መሠረት ይህ ስለሆነ ነው።

በ1985 ገደማ አንሲ ማንታሪ የተባለው የፊልም አዘጋጅ ወደዚያ ሄዶ ሐሳቡን እንደ ጠነሰሰው ይነገራል፦ በዚህ በማይመሽበት አገር፣ በዚህ ከሁሉ በራቀ ቦታ፣ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ፊልም ቢታይስ? ሐሳቡን ከተቀበሉት መካከል ወንድማማቾቹ ሚካ እና አኪ ካውሪስማኪ ነበሩ። ያኔ ገና ወጣቶች ናቸው። አኪ በዚያው በ1986 «ጥላዎች በገነት» የተባለውን፣ የአንድ ቆሻሻ ሰብሳቢና የአንዲት ገንዘብ ተቀባይ ፍቅር የሚተርከውን ፊልሙን አወጣ። የበዓሉን መንፈስ የተሸከመው አራተኛው ሰው ፒተር ፎን ባግ ነው፤ የፊልም ታሪክ ጸሐፊ፣ የመጽሔት አዘጋጅ፣ ያየውን የማይረሳ። የመንደሪቱ አስተዳደርም የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፈተ። በሰኔ 1986፣ በእኛ 1978 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የእኩለ ሌሊት ፀሐይ የፊልም በዓል ተጀመረ።

ለበዓሉ የሰጡትን ስም ልብ በሉልኝ። ፊንላንዳውያን ፊልምን የሚጠሩበት ቃል ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ነው፤ «ሕይወት» እና «ሥዕል»። በዓሉንም በቋንቋቸው የሚጠሩት ውድድር ብለው አይደለም፤ ድግስ፣ ዓመት በዓል በሚለው ቃል ነው። ባንድነት ሲነበብ «የሶዳንኪላ የሕያው ሥዕል በዓል» እንደ ማለት ነው። ስሙ በራሱ ውዳሴ አይደለምን?

በዓል ደግሞ ሽልማት የለውም። በሶዳንኪላ ዳኛ አይሰየምም፣ የወርቅ ዋንጫ አይሰጥም፣ አንደኛና ሁለተኛ አይባልም። ቀይ ምንጣፍ አይነጠፍም። እንግዳው ስሙ ዓለምን የሞላ ቢሆንም፣ በአቧራው መንገድ ላይ ከተማሪውና ከአናጢው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ከአንድ ምድጃ የተጠበሰ ሥጋ ይበላል፤ ትንኙም ሁሉንም እኩል ይነክሳል። ሶዳንኪላ ሆይ፣ ትልልቅ ከተሞች ያላቸውን ሁሉ ስላልነበረሽ፣ ትልልቅ ከተሞች መስጠት ያቃታቸውን ሰጠሽ!

ሰላም ለእቅፍሽ፣ በሸራ ለተሸፈነው።

ፊልሙ የሚታየው በጥቂት ቦታ ነው። አንዱ ላፒንሱ የሚባለው የመንደሪቱ ሲኒማ ቤት፣ አንዱ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ የሁሉ አውራ ግን ትልቁ ድንኳን ነው። የሰርከስ ድንኳን ነው፤ በእኛ አገር ሠርግ ሲደገስ የሚተከለውን ድንኳን አሥር እጥፍ አግዝፋችሁ አስቡት። ጨለማን ሰማይ አልሰጣቸውምና በሸራ ሠሩት። ከውጭ ፀሐይ ሸራውን ትደበድባለች፤ ከውስጥ ሕዝቡ ተጠጋግቶ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የድምፅ አልባው ዘመን ፊልም ሲታይ ከማያው ሥር የሙዚቃ ጓድ ተሰይሞ በቀጥታ ይጫወትለታል። መቶ ዓመት የሞላው ፊልም፣ ባለቤቶቹ ሁሉ ያለፉ፣ በዚያ ድንኳን ውስጥ ትንፋሽ ይዘራል።

ከዚያ የሚመጣውን ቅጽበት እዩ። ፊልሙ አልቋል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የድንኳኑ መጋረጃ ይገለጣል። ብርሃን እንደ ጎርፍ ይገባል። ሰዉ እጁን በግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ዐይኑን አጥብቦ፣ ከማኅፀን እንደ ወጣ ሕፃን እየተንገዳገደ ወደ ሜዳው ይወጣል። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ፤ ወፍ ይዘምራል፤ የሰው ጥላ ረዝሞ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ማንም «ደኅና እደሩ» አይልም፤ የሚያድርበት ሌሊት የለምና። አንዱ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ አንዱ ቡና ይፈልጋል፣ አንዱ ለሚቀጥለው ፊልም እንደገና ይሰለፋል። በሌላ ከተማ ተመልካች ከፊልሙ ወጥቶ ወደ ጨለማ፣ ከጨለማው ወደ አልጋው ይሄዳል፤ ያየውንም እንቅልፍ ይወስድበታል። በሶዳንኪላ ግን ያየውን ይዞ በብርሃን ይቆማል። እኔ ስለ ሲኒማ ካነበብኩትና ከሰማሁት ሁሉ፣ ፊልም እንደ ታየ ሰው የሚሆነውን እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

ሰላም ለጆሮሽ! እዚህ ላይ ልቆይ፤ ከአካልሽ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና።

በየጠዋቱ፣ በእኛ 4 ሰዓት ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ያየው ሕዝብ እንቅልፉን ጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይመጣል። መድረኩ ላይ ወንበር አለ፤ የውኃ ብርጭቆ አለ፤ ማይክሮፎን አለ። ሌላ ጌጥ የለም። አንዱ ወንበር የፒተር ፎን ባግ ነበር፤ ሌላው የእንግዳው። የፎን ባግ የመጀመሪያ ጥያቄ ዓመት ከዓመት አንድ ነበረች፦ መጀመሪያ ያየኸው ፊልም ምን ነበር?

ይህች ጥያቄ ምን ያህል ጥበብ እንደ ያዘች አስቡ። የተጠየቀው ሰው በካን የፊልም በዓል የተሸለመ ሊሆን ይችላል፤ በሆሊውድ ስቱዲዮዎችን ያንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዋ ግን ያንን ሁሉ ካባ ታወልቀዋለች። የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ታደርገዋለች፤ የእናቱን ወይም የአያቱን እጅ አስይዛ ወደ ሰፈሩ ሲኒማ ቤት ትመልሰዋለች። ሰው ስለ ክብሩ ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ግን ድምፁ ይለወጣል። ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል፣ ስደቱ ይመጣል፣ አባት ይመጣል፣ ረሃብ ይመጣል፤ ሃያኛው ክፍለ ዘመን በሙሉ በዚያ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የስፖርት ትምህርት የሚሰጥበት ወለል ላይ፣ ተራ በተራ ቀርቦ ተናዘዘ። በመጨረሻም ፎን ባግ ይጠይቃል፦ ሰው ወደሌለበት ደሴት አንድ ፊልም ብቻ ይዘህ ሂድ ብትባል የትኛውን ትወስዳለህ?

ከዓለም ታላላቅ የፊልም አዘጋጆች ማይክል ፓውል መጥቷል፣ በእርጅናው። ጂም ጃርሙሽ መጥቷል። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ፣ ሚሎሽ ፎርማን፣ አባስ ኪያሮስታሚ፣ ሁሉም በዚያች ወንበር ተቀምጠዋል። ለፊንላንድ ደን ሕዝብ ስለ ቴህራን ጎዳና፣ ስለ ፕራግ፣ ስለ ኒውዮርክ አወሩ። ፎን ባግ ንግግሮቹን እያጠራቀመ ቆይቶ በ2010 «ሶዳንኪላ ለዘላለም» የተባለውን ሰፊ ዘጋቢ ፊልም ሠራበት። ሰውየው ከ2001 ጀምሮ በጣሊያን ቦሎኛ፣ የጠፉና የተረሱ ፊልሞች ታድሰው የሚታዩበትን ታላቅ በዓልም በኃላፊነት ይመራ ነበር፤ ሰኔው ሁለቱን ከተሞች ያገናኝ ነበር። በ2014 በ71 ዓመቱ ዐረፈ። የጠዋቱ ጭውውት ከእርሱም በኋላ አልተቋረጠም።

መንደር ስትባል ብዙ ጊዜ ዐይንና አፍ እንጂ ጆሮ የላትም ተብላ ትታማለች። ሶዳንኪላ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ ሽማግሌ ማድመጥ ቻለች። የማያውቀውን ሰው ታሪክ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚነገረውን፣ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ በጠዋት የሚሰማ ሕዝብ ምንኛ የከበረ ነው!

ደግሞም ከማድመጡ ብዙ ተወለደ። በመጀመሪያው ዓመት ከመጡት እንግዶች፣ ከፈረንሳዩ በርትራን ታቨርኒየና ከአሜሪካዊው ጆናታን ዴሚ ጋር፣ የ73 ዓመቱ አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ ሳሙኤል ፉለር ነበረ። ፉለር በልጅነቱ የወንጀል ዜና ዘጋቢ፣ በጎልማሳነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አንደኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ወታደር ነበር፤ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ማዕከላዊ አውሮፓ ተዋግቷል፤ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነፃ ሲወጣ በእጁ በያዘው ካሜራ ቀርጿል። ከሲጋራው ጋር የማይለያይ፣ ሲናገር አየሩን የሚቀዝፍ ሰው ነበር። ይህ ጦርነትን በሥጋው የሚያውቅ ሽማግሌ፣ ስሟ የጦርነት መንደር ወደሚመስለው፣ ጦርነት አቃጥሏት እንደገና ወደ ተሠራችው መንደር መጣ። እርስ በርሳቸው ተዋወቁ ልበል፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ከዚያ ወዲያ ፉለር የካውሪስማኪዎች ወዳጅ ሆነ። ሚካ በ1987 ባወጣው «ሄልሲንኪ ናፖሊ ሌሊቱን ሙሉ» ላይ ተጫወተለት፤ አኪ በ1992 በሠራው «የቦሄሚያ ሕይወት» ላይም ፊቱ ይታያል። በ1994 ሚካ፣ ፉለርንና ጃርሙሽን ይዞ ወደ ብራዚል ደን ወረደ፤ ፉለር በ1950ዎቹ ሊሠራው አስቦ ያልተሳካለትን ፊልም ቦታ ሽማግሌው ተመልሶ ሲያይ የሚያሳይ «ቲግሬሮ» የተባለ ሥራ ሠሩ። ጃርሙሽም በ1991 «ሌሊት በምድር» የተባለውን ሲሠራ የመጨረሻውን ክፍል በሄልሲንኪ በረዶ ላይ አደረገው፤ ከገጸ ባሕርያቱም አንዱን ሚካ፣ አንዱን አኪ ብሎ ሰየማቸው። ለእነዚህ ወዳጆች መሰብሰቢያ የሆነችው፣ የፊልም ስቱዲዮ ያልነበራት ሶዳንኪላ ናት።

ሰላም ለእጅሽ፣ ድንኳን ለሚተክለው፤ ወንበር ለሚያነሣው፣ ትኬት ለሚቆርጠው፣ ሾርባ ለሚቀዳው! የፊልም ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የአዘጋጆችን ስም ይጽፋሉ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን በአምስት ቀን ውስጥ የሚመጣው እንግዳ የመንደሪቱን ነዋሪ ቁጥር ሲያጥፍ፣ ያንን ሁሉ የሚያስተናግደው የበጎ ፈቃደኛው እጅ ነው። መኝታ ሲጠፋ ሰዉ በየድንኳኑና በየትምህርት ቤቱ ክፍል ያድራል። እንቅልፍ የሚፈልጉ የመንደሪቱ ሰዎች ከመጋረጃቸው ውጭ ፀሐይ እያበራች፣ ጭውውት እየሰሙ አምስት ሌሊት ይታገሣሉ። በ2020 ወረርሽኙ መንገድ ሲዘጋ በዓሉ በኢንተርኔት ወደየቤቱ ሄደ፤ ድንኳኑ ሳይተከል የቀረበት ያ ሰኔ ለመንደሪቱ ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደ ነበር መገመት አይከብድም። ከዚያ በኋላ ሸራው ተመልሶ ተወጠረ።

ሶዳንኪላ ሆይ፣ በዓልሽ ሽልማት ስለማይሰጥ አንቺን የሚሸልም ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ይህን ከሩቅ አገር፣ ቀንና ሌሊቱ እኩል ከሆነበት፣ ሰዓቱን በፀሐይ ከሚቆጥር ሕዝብ መካከል የተላከ ሰላምታ ተቀበዪ። የዓለምን ታላላቆች ሰብስበሽ ሕፃን አድርገሻቸዋልና ተመስገኚ! አመድሽን አራግፈሽ ድንኳን ተክለሻልና ተመስገኚ! ለጨለማ ልጅ የብርሃን እናት ሆነሻልና ክብር ይገባሻል!

ሰላም ለእግርሽ፣ ለመንገድሽ።

ከመንገዶችሽ አንዱ በሳሙኤል ፉለር ስም ተሰይሟል። ፉለር በ1997 ዐረፈ። ስሙ የተጻፈበትን ምልክት በታኅሣሥ በረዶ ይሸፍነዋል፤ በሰኔ ፀሐይ ሃያ አራቱን ሰዓት ታበራበታለች።